«በእውነት እወዳት ይሆን?» ለሚል ጓደኛ መልስ አንስጠው

እናቴ ቀፊራ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እኔም ትምህርት በሌለኝ ቀን ሁሉ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስለ ጥርጣሬ ልጻፍ ብዬ ስነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ መጽሐፍ ሳይሆን ሚዛን ነው።

ድሬዳዋን ለማታውቁ፣ ቀፊራ ደቻቱን ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሩ የምታገኙት ባለ ቅስት በር አሮጌ ገበያ ነው። እዚያ ገዢና ሻጭ መጠራጠሩ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ካልተጠራጠርክ እንግዳ መሆንህ ይታወቅብሃል። ገዢ «እስቲ ደግመሽ መዝኚው» ይላል፣ እናቴ ትመዝናለች። ካልተዋጠለት ጎረቤት ሚዛን ላይ ወስዶ ያስመዝናል። ልክ ከሆነ ከፍሎ ይሄዳል፤ ከጎደለ ተመልሶ ይጨቃጨቅና ምራቂ ተቀብሎ ይሄዳል። ያም ሆነ ይህ ይሄዳል። አንድ ሰውዬ ግን ነበሩ። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ያስመዝናሉ፣ ጎረቤት ይወስዳሉ፣ ይመለሳሉ። «የእሷስ ሚዛን ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብለው ሦስተኛ ሱቅ ይሄዳሉ። ከዚያ ደግሞ «ስሄድ ፈሶብኝ ይሆን?» ብለው እንደገና። ሌባ አላሉንም፣ ተቆጥተውም አያውቁም። ላባቸው እየወረደ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። እናቴ አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ያንተን የሚመዝን ሚዛን እዚህ ገበያ የለም» አለቻቸው። (እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ደካሞች መሆናችን ይታወቃል። እኔ አንቱ ያልኳቸው ለመጽሔቱ ስል ነው።)

ውድ አንባብያን፣ ይህንን ያነሳሁት ስለ በርበሬ ለማውራት አይደለም። በእኛ ዕድሜ፣ በተለይ የመመረቂያው ዓመት ሲቃረብ፣ «ከዚህ ልጅ ጋር ልቀጥል ወይስ ልተው?» የማይል ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቹ እንደ መጀመሪያው ገዢ ናቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ እንደ ሰውዬው ናቸው። እኛ የሥነ ልቦና ተማሪዎች ሁለቱን መለየት አለመቻላችን ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ያየሁት በራሴ ጥፋት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው ጓደኛዬ ነው። እናቱ ከእናቴ ቀጥሎ ባለው መደብ ላይ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው። እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠቅስም። አንዲት ልጅ ወዶ ሦስት ዓመት አብረው ቆዩ፣ ቤተሰብ ተዋወቀ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ኒካሁ ከረመዳን በኋላ ይሁን ተባለ። ሽማግሌዎቹ እሺ ተብለው በተመለሱ ማግስት ጀመረው።

ማታ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ «አቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «በእውነት እወዳታለሁ ትላለህ?» እኔም ሳቅኩና «እንዴ! ለአንድ ቀን ልታያት ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው አንተ አይደለህ?» አልኩት። ፊቱ ፈታ አለ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሌላ ምሳሌ ጨመርኩለት፣ አሁንም ፈታ አለ። በወሩ ጥያቄው የየማታ ሆነ። በሁለተኛው ወር የኔ መልስ ባጃጅ ተሳፍሮ ቤቱ እስኪደርስ እንኳ አይበቃውም ነበር፤ ከመንገድ ላይ ይደውላል።

ኋላ ላይ ሲነግረኝ የምሰማው ጥያቄ ከሚያደርገው ነገር ትንሹ ኖሯል። ፎቶዋን ከፍቶ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ልቡ መታ አልመታ ብሎ። ስትስቅ አብሮ ከመሳቅ ይልቅ «አሁን ደስ አለኝ ወይስ አላለኝም?» ብሎ ራሱን ይመረምራል። በዛፎቹ ሥር ከዚራ ሲሄዱ የሌሎችን ጥንዶች ፊት እያየ ከራሱ ጋር ያወዳድራል። ሴት ስታልፍ ዓይኑ ተከትሏት እንደሆነ ይቆጣጠራል፤ ለመቆጣጠር ሲል ደግሞ ያያል፤ ካየ በኋላ «ይኸው አየሁ» ብሎ ይደነግጣል። ከዚያ አፍንጫዋ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላየውን አፍንጫ አንድ ቀን አየው፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማየት አቃተው። ላለመዋሸት ብሎ ለራሷ ነገራት። መጀመሪያ «የሰው አፍንጫ በየቀኑ ይቀያየራል እንዴ?» ብላ ቀለደች። አምስተኛና ስድስተኛ ጊዜ ሲነግራት አለቀሰች።

እኛ ጓደኞቹስ ምን አደረግን? ለሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ከተጠራጠርክ ተወው፣ እውነተኛ ፍቅር ጥያቄ አያነሳም» አለ። ይህ አባባል ከፊልም ይሁን ከቲክቶክ እንጃ፣ ብቻ ብዙ ሰው ያምንበታል። ሌላው ወገን ደግሞ «ትወዳታለህ፣ አትጨነቅ» እያለ አጽናናው። እኔ ከአጽናኞቹ ነበርኩ። የሦስተኛ ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ፣ የሥነ ልቦና መታወኮችን ኮርስ በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። እጅ መታጠብና በር መቆለፍ ደጋግሞ ማረጋገጥ ፈተና ላይ ቢመጣልኝ ኦ.ሲ.ዲ. ነው ብዬ አከብበው ነበር። በየማታው ጎኔ ተቀምጦ ልቡን ደጋግሞ የሚያረጋግጠውን ልጅ ግን አላየሁትም።

ያየው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የሰፈራችን ሼህ ናቸው። ጓደኛዬ «በጥርጣሬ የታሰረ ኒካህ ይጸድቃል ወይ?» ብሎ ሄደ። አስረዱት። ተመልሶ ሄደ፣ አሁንም አስረዱት። በአራተኛው «ልጄ፣ ይኼ ዋስዋስ ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አልመልስልህም፤ ሻይ ልትጠጣ ከሆነ ግን ናልኝ» አሉት። እሱ ተናዶ ነው የነገረኝ። እኔም በጊዜው ጨከኑበት ብዬ ነበር። ዋስዋስ የሚለው ቃል በድሬ ሙስሊሞች ቤት የተለመደ ነው፤ ውዱእ አልያዘልኝም፣ ሶላቱን አጓደልኩ እያለ ለሚደጋግም ሰው ይባላል። በዐረብኛ ሐኪሞቹ ራሳቸው ኦ.ሲ.ዲ.ን የሚጠሩት በዚሁ ቃል መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በእስልምና ሕግ ደግሞ እርግጥ የሆነ ነገር በጥርጣሬ ብቻ አይፈርስም የሚል የታወቀ መርህ አለ። እንደ ባሕታችን ሊቃውንት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለሚመላለሱ ሐሳቦች ለብቻው ጽፏል። ፈረንሳዮችም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕመሙን «የጥርጣሬ እብደት» ይሉት ነበር። ነገሩ የአሁን ዘመን ወጣት ቅብጠት እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው።

በፍቅር ግንኙነት ላይ የሚያርፈውን ዓይነት ለይተው ያጠኑት ጋይ ዶሮንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጽሑፎቻቸው በብዛት መውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ነው። እነሱ ሁለት መልክ አለው ይላሉ። አንዱ «እወዳታለሁ? ትወደኛለች? ትክክለኛዋ እሷ ናት?» የሚለው ነው። ሌላው በፍቅረኛ ጉድለት ላይ የሚጣበቀው ነው፤ አፍንጫ፣ አነጋገር፣ ብልህነት። ጓደኛዬ ሁለቱንም ጠጥቷል። ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ አልተመዘገበም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካኖቹ መመሪያ ውስጥ ኦ.ሲ.ዲ. ከጭንቀት ሕመሞች ወጥቶ የራሱ ምዕራፍ ሲሰጠው፣ ይህ ከኦ.ሲ.ዲ. ጉዳዮች እንደ አንዱ ነው የሚታየው።

ይህን ሁሉ ሳነብ ምን ያህል እንደተደሰትኩ አትጠይቁኝ። አዲስ መዶሻ ያገኘ ሰው ሆንኩ። ሁለተኛው ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ የታጨችው ለጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴ መደብ ላይ ቁጭ ብላ «ቀልቤ አልወደደውም» አለችኝ። ስልኩ በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን ይዘጋል። የሠርጉ ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ከቁጠባዋ 40 ሺህ ብር ተበድሯት አልመለሰም። «ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ዝም ብዬ አስባለሁ፣ ስልኩን ልፈትሽ ወይ?» አለችኝ። እንቅልፍ ማጣት፣ መመላለስ፣ መፈተሽ! እኔ ሆዬ በመጽሐፌ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰማሁ። «እህቴ፣ ይኼ በሽታ ነው እንጂ እውነት አይደለም። አትፈትሺ፤ መፈተሽ ያባብሰዋል። እርግጠኛ አለመሆንን ቻዪው» አልኳት። እሷም የተማረ ወንድሜ ብላ አመነችኝ። አራት ወር ቻለችው። በአራተኛው ወር ጅቡቲ ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉት ከሌላ ሹፌር ሚስት ሰማች።

ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄጄ ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፈው፦ «እኔ የጠየቅኩህ ስለ እሱ ነበር፤ አንተ የመለስክልኝ ስለ እኔ ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ነገሩን በእርጋታ ያሰብኩት። የሐሳቡ ይዘት አይለይም። «የምወደው ሰው ትክክለኛው ሰው ባይሆንስ?» የሚለው ሐሳብ ጤነኛውም ላይ አለ፣ ታማሚውም ላይ አለ። ራችማንና ደ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ ከአምስቱ አራቱ ያህል ሳይፈልጉት የሚመጣ አስፈሪ ወይም አሳፋሪ ሐሳብ እንዳላቸው ነገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ራዶምስኪና ባልደረቦቹ በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው 94 ከመቶ የሚጠጉት ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደመጣባቸው አገኙ። ስለዚህ ሐሳቡ መጣ ማለት ታመምክ ማለት አይደለም፤ አትወዳትም ማለትም አይደለም።

በጭንቀቱ መጠንም መለየት አይቻልም። የአክስቴ ልጅ ከጓደኛዬ ባልተናነሰ ተጨንቃለች። የደቻቱ ጎርፍ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ከገደለ ወዲህ እናቴ በስተደጋው ሰማዩ ሲጠቁር መቀመጫ ታጣለች። ግን ምን ታደርጋለች? ጆንያዎቹን ከመሬት ታነሳለች፣ ጎረቤት ትጠራለች፣ ላይኛው ሰፈር ያለ ዘመድ ጋ ደውላ ዘነበ አልዘነበ ትጠይቃለች። ዳመናው ሲገፈፍ ትተኛለች። ከባድ ፍርሃት ነው፣ ነገር ግን ከዳመናው ጋር ይመጣል፣ ከዳመናው ጋር ይሄዳል።

እንግዲህ በኔ አስተያየት ልዩነቱ ያለው መልሱ ከተገኘ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ቀን አለው፣ የብር መጠን አለው፣ የተዘጋ ስልክ አለው። አንድ ሰው ጅቡቲ ደውሎ ቢጠይቅላት ያልቅ ነበር፤ መልሱ መጥፎም ቢሆን ያልቅ ነበር። ደግሞም አለቀ፤ አለቀሰች፣ ቀለበቱን መለሰች፣ ለገንዘቡ ሽማግሌ ላከች። የጓደኛዬን ጥያቄ ግን ማን ደውሎ ያጣራለታል? «በእውነት» የሚለውን ቃል የሚመዝን ሚዛን የለም። እኔ የሰጠሁት መልስ ሁሉ ለቀጣዩ ጥያቄ ማገዶ ነበር፤ «እሺ መጥቼ ነበር፣ ግን የመጣሁት ወድጃት ነው ወይስ ሰው እንዲያየኝ?» ይላል። በነገራችን ላይ ጓደኛዬ ልተዋት ብሎ አያውቅም። «ትተዋት» ሲሉት ይባስ ይደነግጥ ነበር። የሚፈልገው መልቀቅ ሳይሆን ማወቅ ነው፤ ያውም መቶ በመቶ።

ኦ.ሲ.ዲ. ምን ያህል እንደጠና ለመለካት በብዙ ቦታ የሚሠራበት የዬል-ብራውን መለኪያ (እ.ኤ.አ. 1989 የወጣው) ይህንኑ ያሳየኛል። 10 ጥያቄዎች አሉት። ስንት ሰዓት ይወስድብሃል? ከሥራህ ያስተጓጉልሃል? ምን ያህል ያስጨንቅሃል? ምን ያህል ትታገለዋለህ? ምን ያህል ትቆጣጠረዋለህ? አምስቱ ስለ ሐሳቡ፣ አምስቱ ስለ ድርጊቱ። ከእነዚህ ውስጥ «ሐሳቡ እውነት ነው ወይ?» የሚል አንድም የለም። በ2013ቱ መመሪያም ቢሆን የሚጠየቀው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል ወይ፣ ወይም ኑሮን ያናጋል ወይ ነው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ የተከራከርኩት መለኪያው እንኳ ባልጠየቀው ነጥብ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ቢሆኑስ?» ትሉ ይሆናል። ይሆናሉ! ኦ.ሲ.ዲ. ያለበት ሰው የሚዋሽ ፍቅረኛ አይገጥመውም ያለ የለም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሥራ ነገሩን መስማት መሆን ያለበት። ምን አደረገ? መቼ? ምታ አለ? ዛቻ አለ? ገንዘብ ወሰደ? ከቤተሰብሽ ለየሽ? እንዲህ ያለ ነገር ካለ ስለ ሴትየዋ አእምሮ ከማውራታችን በፊት ስለ ሰውየው ድርጊት ነው ማውራት ያለብን። በተለይ ወንዶች ስንሆን ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ «አንቺ ነሽ የምታበዢው» ማለት ለኛ እጅግ ቀላል ነው፤ አሁን ደግሞ በሳይንስ ስም ልንለው ነው።

በሌላ በኩል ተራ ጥርጣሬም ክብሩ ይጠበቅለት ባይ ነኝ። የት እንኖራለን፣ እናቷ ከኛ ጋር ትኑር ወይ፣ እሱ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፣ ሥራ ሳልይዝ ትዳር ምኑን ትዳር ሆነ የሚሉት ከባድ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንቅልፍም ይነሳሉ። ግን ስትነጋገርባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ዛሬ ያልተስማማችሁበትን ከርሞ ትስማማላችሁ ወይም ትለያያላችሁ። ይህን ሁሉ በሽታ ብለን ከጠራነው ሰው ማሰብ ሊፈራ ነው።

ለጓደኛዬ በመጨረሻ የረዳው የሼሁ ዓይነት መንገድ ነው፤ ልዩነቱ በባለሙያ መሆኑ ነው። የሥነ አእምሮ ክሊኒክ ሄዶ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ለድብርት ከሚሰጡት ወገን ነው፣ ለዚህም ይሠራል፣ ለውጡ ግን ሳምንታት ይጠብቃል። ከዚያ ጋር ሕክምናው አለ። ሐሳቡ ሲመጣ «ምናልባት አልወዳት ይሆናል፣ ምናልባት እወዳት ይሆናል» ብሎ ይተወዋል። ፎቶ መክፈት የለም፣ ደረት መንካት የለም፣ መጠየቅ የለም፣ ለእሷም መናዘዝ የለም። ቪክቶር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 በሁለት ሕሙማን ላይ ሞክሮ ከጻፈው ወዲህ ይህ መንገድ ብዙ ተፈትኗል። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ልጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። እኔም ተፈትኜበታለሁ፤ የልጅነት ጓደኛህ ዓይንህን እያየ «አንድ ጊዜ ብቻ በለኝ» ሲልህ አለማለት ቀላል አይደለም። አለመመለስ ማለት ግን ፊት መንሳት አይደለም። «ጥያቄው እንደመጣብህ አየሁ፣ ከባድ ነው፣ እኔ ግን አልመልስልህም፤ ና ኳስ እንይ» ማለት ነው። ሼሁ ሻይ እንዳሉት።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ ላቅርብና ላብቃ። በምክር አገልግሎት የተግባር ልምምዳችን ላይ ስናዳምጥ እንዴት አንገታችንን እንደምንነቀንቅ፣ እንዴት እንደምናበረታታ እንለማመዳለን። ጥሩ ነው። ነገር ግን መልስ አለመስጠትን የምንለማመድበት አንድም ሰዓት የለንም። አንዱ ተማሪ ደጋግሞ ይጠይቅ፣ ሌላው ሳያጽናና፣ ሳይፈርድ፣ ሳይሸሽም አብሮት ይቀመጥ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሚናው ይገልበጥ፤ ስልኩ የተዘጋ እጮኛ ያላት ልጅ ትምጣና ማን ለኦ.ሲ.ዲ. ቸኩሎ እንደሚያመለክት እንይ። መምህሮቻችን ፈቃደኛ ከሆኑ ሁለቱንም ታሪኮች ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ታናግረኛለች፤ ምክር ግን አትጠይቀኝም። ጓደኛዬ ኒካሁን አላሰረም፣ አልሰረዘምም፤ ልጅቷ «አሁን እኔ ነኝ ጊዜ የምፈልገው» ብላዋለች፣ እሱም የሚገባት ነው ይላል። ባለፈው ቅዳሜ እናቱን ሊያግዝ ቀፊራ መጥቶ ሳለ ከመደባችን አጠገብ ቆም አለና «ልጠይቅህ ብዬ ነበር» አለኝ። «እና?» አልኩት። «እናማ ሽንኩርቱን አቀብለኝ» አለ።